የተከበሩት አጎቴ ሰላምታ

አጎቴ አቶ ከፋለ የላስታ ሕዝብ ወኪል ሆነው ምክር ቤት ከገቡ አምስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። በእነዚህ ዓመታት አሥራ አንድ ጊዜ የመናገር ዕድል አግኝተው፣ አሥራ አንዱንም ጊዜ ሰላምታ ብቻ አቅርበው ተቀምጠዋል። እያጋነንኩ አይደለም፤ ቃለ ጉባኤውን ራሴ አንብቤዋለሁ።

ጥፋቱ የአስተዳደግ ነው። እኛ አገር ሰው ጉዳዩን ከማንሳቱ በፊት የባለቤቱን ጤና፣ የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የአዝመራውን ይጠይቃል። ዘው ብሎ ጉዳዩ ውስጥ የሚገባ ወይ ባለጌ ነው፣ ወይ ቤቱ እየተቃጠለ ነው። አጎቴ ይህን ወግ ሳይቀንሱ አዲስ አበባ ይዘውት ገቡ። "ሦስት ደቂቃ አለዎት" ሲባሉ ይነሳሉ፣ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ ከመድረኩ ጀምረው እስከ ኋላ ወንበር "እንዴት ሰነበታችሁ" ይላሉ። ታመው የቀሩትን አባላት በስም እየጠሩ ምሕረት ይለምኑላቸዋል። የቆላውን ተወካይ ዝናብ ጣለላችሁ ወይ፣ የደጋውን ውርጭ አልመታባችሁም ወይ ብለው ይጠይቃሉ። "እንግዲህ ወደ መጣሁበት ጉዳይ ስገባ" ሲሉ ማይክሮፎኑ ይዘጋል። አባላቱ በጣም ይወዷቸዋል፤ የመጡበትን ጉዳይ የሚያውቅ ግን አንድም የለም።

ጉዳዩ ድልድይ ነው። መንደራችንን ከኩልመስክ ጤና ጣቢያ የሚለያት እንቆይ የሚባል ወንዝ አለ። በበጋ ልጆች ዘለው ይሻገሩታል፤ በክረምት በሬ ይወስዳል። ለእግረኛ የሚሆን ተገጣጣሚ የብረት ድልድይ ተገዝቶ ወልድያ አንድ ግቢ ውስጥ ከተጋደመ ሁለት ዓመት አልፎታል። እንዲገጠም የቀረው ከአንድ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት የሚወጣ ፊርማ ነው። ብረቱ ሥር ዶሮ ታቅፋ እንደፈለፈለች የግቢው ዘበኛ ነግሮኛል።

እኔ በዚህ ነገር ቀልድ የማላውቀው በእህቴ በፅናት ምክንያት ነው። የመጀመሪያ ልጇን ምጥ የያዛት ወንዙ ሞልቶ ሳለ ነው። ሁለት ቀን አምጣ እሷ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። ዘንድሮ ደግሞ በነሐሴ ልትወልድ ነው። ነሐሴ በመጣ ቁጥር የዚያን ወንዝ ድምፅ ስሰማ አሁንም ደሜ ይፈላል።

በግንቦት መግቢያ አጎቴ መራጮቻቸውን ሊያነጋግሩ መጡ። ያ መሥሪያ ቤት ከሁለት ሳምንት በኋላ ቋሚ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ሪፖርት እንደሚያሰማ ነገሩኝ። እሳቸውም የኮሚቴው አባል ናቸው።

"ምክር ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ ነው፤ የእኔም ዘመን እያለቀ ነው" አሉ። "ከዚህ ወዲያ ዕድል አላገኝም፣ እምነት።"

እኔ የላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። አሥራ አንዱን ቤተ ክርስቲያን አዳርሼ እንግዶቼን ለምሳ አደርሳለሁ። ስለ አንድ ድልድይ በሦስት ደቂቃ መናገር ያቃታቸው ሰው የሥጋ ዘመዴ መሆናቸው ያሳፍረኛል። ይህንኑ በትሕትና ነገርኳቸውና ላለማምዳቸው ተነሳሁ። መጀመሪያ በስልኬ ሰዓት ሞከርን፤ ስልኩ ሲጮህ "ዝም አሰኚልኝ" ብለው ሰላምታቸውን ይቀጥላሉ። ከቤተ ክርስቲያን በቀር ምንም እንደማያከብሩ ስለማውቅ ወደ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳቸው።

እዚያ ከዋሻው ጣራ ውኃ ጠብ ጠብ እያለ የተቦረቦሩ ድንጋዮች ላይ ይጠራቀማል፤ ጠበል ነው። አንደኛው ድንጋይ ላይ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሃምሳ ጠብታ እንደሚወርድ ቀደም ብዬ ቆጥሬ ነበር።

"ሃምሳ ሲሞላ አበቃ ማለት ነው፣ ጋሼ። ይጀምሩ።"

ጀመሩ። ሃምሳ ሲሞላ የኮሚቴውን ምክትል ሰብሳቢ እናት ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ እያሉ ነበር። ደገምን። በሁለተኛው "ወደ መጣሁበት ጉዳይ" ላይ ደረሱ። በሦስተኛው ጭራሽ አዲስ ሰው ጨመሩ።

"ሰላምታውን ይቁረጡት!" አልኳቸው። ዋሻው ውስጥ መጮኼ ራሴንም አስደነገጠኝ።

"አንቺ! ሰውን ሳልሰላም ልናገር? እናቴ እንዲያ አድርጋ አላሳደገችኝም።"

የደብሩ ካህን አባ ወልደ ኪዳን በር ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡን ቆይተዋል። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀረብ አሉ።

"አቶ ከፋለ፣ እኛ ለፈጣሪ ስንጮህ ምን እንላለን?"

"እግዚኦ እንላለን፣ አባ።"

"እንግዲህ አንድ ቃል ናት። እንዴት አደርህ፣ መላእክቱስ ደህና ናቸው ወይ ብለን አንጀምርም። የጨነቀው ሰው እንደዚያ ነው የሚጣራው። ይሰማናልም።"

ብዙ ጠብታ ወረደ፤ እኔም መቁጠሩን ተውኩት።

"አፌ እንቢ ቢለኝስ፣ አባ?"

"በልብዎ ይሰላሟቸው። ልብ ማይክሮፎን አይፈልግም።"

የስብሰባው ቀን ኩልመስክ የጀውሀራ ሻይ ቤት ጢም ብሎ ሞላ። ከመንደራችን እግሩ የሚችል ሁሉ ወርዷል። ፅናት ሆዷን ይዛ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሪፖርታቸውን አሰሙ። በመጨረሻ ሰብሳቢዋ "የተከበሩ አቶ ከፋለ፣ ሦስት ደቂቃ አለዎት" አሉ። ኃላፊው ፈገግ ብለው ወረቀታቸውን ዘረጉ፣ መነጽራቸውንም አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። አጎቴ ሲሰላሙ መልስ መፈለጊያ ጊዜ እንደሚተርፋቸው ያውቃሉ።

አጎቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ድምፅ ግን የለም። በልባቸው እየተሰላሙ እንደሆነ እኔ ብቻ ነኝ ያወቅሁት። እሱም እንዳይረዝም ብዬ ጥፍሬን በላሁ።

"የእንቆይ ወንዝ ድልድያችን ተገዝቶ ሁለት ዓመት ግቢ ውስጥ ተኝቷል" አሉ። "የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው። ክረምት ሲገባ ወላድ እናቶች ማዶ ይቀራሉ፤ ባለፈው የወንድሜ ልጅ ሕፃኗን ቀብራለች። መቼ ይፈርማሉ?"

ተቀመጡ።

ሰብሳቢዋ ሰዓቱን አዩ፣ ደግመው አዩ። "ጨረሱ?"

"ጨርሻለሁ።"

ኃላፊው መነጽራቸውን ገና አላደረጉም። ወረቀቱን ገለበጡ፣ አጠገባቸው ያለውን ሰው አዩ፤ እሱም ወረቀት እየገለበጠ ነው። አዳራሹ ጠበቃቸው። ሁለት ደቂቃ ከምናምን ተርፎ ነበር፤ የሚሸሹበት ቦታ ግን አልነበረም።

"ሰኔ አምስት" አሉ በመጨረሻ።

"በቃለ ጉባኤ ይያዝ" አሉ ሰብሳቢዋ።

ሻይ ቤቱ በጭብጨባ ይናወጣል ብዬ ነበር። ማንም አላጨበጨበም። ገበሬው አያ ደባሱ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና "ሰላምታውስ?" አሉ። "ከፋለ ታሟል!"

"ወላሂ ፊታቸውም ጠቁሯል" አለች ጀውሀራ። ሦስት ሰው አጎቴ ዘንድ ለመደወል ስልኩን አወጣ። ፅናት ብቻ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች፣ ትስቃለችም። አቅፌያት አብሬያት አለቀስኩ።

ፊርማው በሰኔ አምስት አልወጣም፤ በሰኔ ዘጠኝ ወጣ። በእነዚያ አራት ቀናት አጎቴ ጠዋት ማታ መሥሪያ ቤቱ እየሄዱ ከዘበኛው እስከ ጸሐፊዋ ድረስ ሙሉ ሰላምታ ሰጥተዋል። እንደ ሰማሁት ኃላፊው በመጨረሻ የፈረሙት የሰላምታው ተራ እሳቸው ጋ ሳይደርስ ነው። ዶሮዋ ከነጫጩቶቿ ተነሳች፣ ብረቱ ተጫነ፣ ሐምሌ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ተገጠመ።

በነሐሴ አንድ ጠዋት ጉም መሬቱን እንደሸፈነ ፅናትን ምጥ ያዛት። ባሏ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ደግፈናት ድልድዩ ላይ ወጣን። እንቆይ ከሥራችን ደፍርሶ ይጮሃል። ድልድዩ መሐል ስንደርስ ከወዲያ ማዶ ጥላ የያዘ ሰው ድልድዩ ላይ ብቅ አለ። አጎቴ ናቸው፤ ለክረምት ዕረፍት መግባታቸው ነው። ድልድዩ ጠባብ ነው፤ ሁለት ወገን አያሳልፍም።

አዩን። ባርኔጣቸውን አወለቁ። አፋቸውን ከፈቱ። እኔ "በቃ፣ አለቀልን" አልኩ።

"እለፉ!" አሉ።

ይህን ብለው ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ ወደ ኋላቸው ሮጡ። የስልሳ ስድስት ዓመቱ የተከበሩ አጎቴ ጥላቸውን እያንጠለጠሉ እስከ ዳር ድረስ የኋሊት ሮጡ።

ልጅቷ እኩለ ቀን ሳይሆን ተወለደች። አጎቴ ጤና ጣቢያው በር ላይ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመው ነበር፤ ሲጠሯቸው ቀስ ብለው ገቡ።

"ስንት ደቂቃ አለኝ?" አሉ ፅናትን።

"ዛሬማ የፈለጉትን ያህል፣ ጋሼ" አለቻቸው።

ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከሕፃኗ ጀመሩ።