ስክሪኑ አራት ይል ነበር

ይሉኝታ የሚሉት ነገር ድራሹ ይጥፋ! ሔርሜላ እባላለሁ፤ ፒያሳና አካባቢዋ ላሉ አምስት ፋርማሲዎች ሲስተም የምሠራው እኔ ነኝ።

አለቃዬ ጋሼ የአባቴ ጓደኛ ናቸው፤ አባቴ ሲሞት ሥራ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ባለፈው ዓመት ከሁለት አንዱን አጥንቼ እንድመርጥ አዘዙኝ። አንዱ በአምስቱም ቅርንጫፍ የሚዘረጋ ዳታቤዝ ነው፤ አፍንጮ በር ያለው ቅርንጫፍ አንድ ፍሬ ሲሸጥ ጊዮርጊስ ያለው ወዲያው ያያል። ሌላው ክላውድ ላይ ያለ የመረጃ መጋዘን ነው፤ የቀኑን ሽያጭ ሱቅ ሲዘጋ ሰብስቦ ለሪፖርት ያሳምረዋል፣ ቀን ላይ የሚያሳየው ግን የትናንቱን ነው። ሁለት ወር ሞክሬ የመጀመሪያውን መረጥኩ። ስብሰባው ላይ ጋሼ ቀደሙኝ። "መጋዘኑ ይሻላል፤ ግራፉ ሲያምር! ሔርሜላም አጥንታዋለች" አሉ። ባልደረባዬ ኪሮስ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። አባት የሆነኝን ሰው በሰው ፊት እንዴት ላርም? "እንዳሉ፣ ጋሼ" አልኩ፤ መጋዘኑ ተገዛ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ውሸት ነው፣ ይነቅዛል!

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የጋሼ ባለቤት እትዬ ምብራት እኔ ወዳለሁበት ጊዮርጊስ ቅርንጫፍ መጡ። አስም አለባቸው፤ ወደ አፍ የሚነፋው መድኃኒት አልቆባቸው ደረታቸው ያፏጫል። እኛ ጋ የለም። ስክሪኑን አየሁ፤ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይና ሌሎቹ ዜሮ፣ አፍንጮ በር ብቻ አራት ይላል። አፍንጮ በር ብደውል ስልኩ አይነሳም። የትናንት ቁጥር መሆኑን ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል? አራት ፍሬ በግማሽ ቀን አያልቅም ብዬ ታክሲ ውስጥ አስገባኋቸው።

"ተባረኪ ልጄ" አሉኝ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

አራቱም ጠዋት ተሸጠዋል። እትዬ ምብራት አፍንጮ በር፣ ባንኮኒው ፊት ወደቁ፤ ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፉ። ድልድዩ ጋ ደግሞ፣ ከእኛ በእግር አሥር ደቂቃ፣ ያን ቀን ጠዋት የዚሁ መድኃኒት አንድ ሙሉ ካርቶን ገብቶ ነበር። ወይ ነዶ! ዜሮ ለሚል ቅርንጫፍ ማን ይደውላል?

በሰልስቱ ድንኳን ውስጥ ጋሼ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ዓይናቸው አብጧል።

"ስክሪኑ አራት ይል ነበር አሉኝ" አሉ። "ሲስተሙ ጥፋት የለበትም አይደል? አንቺ እኮ አጥንተሽዋል።"

ለቀስተኛው ዞሮ አየኝ። ኪሮስም ከወዲያ አንገቱን ደፋ።

"የለበትም፣ ጋሼ" አልኳቸው።

እጄን ጨብጠው፣ "ተባረኪ ልጄ" አሉኝ።