በጋሽ ዘርኣጽዮን ስም

በሞተ ሰው ስም የሚጻፍ መልእክት የማን ነው? መልሱን ሳላውቅ ነው የሥራ ታሪኬን ለመጻፍ የተቀመጥኩት። ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ሰፈር ያለ አንድ ድርጅት በግሉ የሚሠራ የማስታወቂያና የኮሙኒኬሽን አማካሪ ይፈልጋል፤ ከየት ተነስቼ የት እንደደረስኩ በአንድ ገጽ እንድልክላቸው ጠይቀውኛል።

መጀመሪያው ቀላል ነበር። ናይሮቢ አደግኩ፣ ሞንትሪያል ተማርኩ፣ ተመልሼ ናይሮቢ ዌስትላንድስ ሰፈር አንድ የማስታወቂያ ኤጀንሲ ገባሁ። ለባንክም ለሳሙናም ጻፍኩ። ኤጀንሲውን ለቅቄ ለራሴ መሥራት ስጀምር የመጀመሪያው ደንበኛዬ ጋሽ ዘርኣጽዮን ነበሩ። እዚህ ላይ እጄ ቆመ።

ጋሽ ዘርኣጽዮንና ባለቤታቸው እትዬ ኣስመረት የሐበሻ ሬስቶራንት ነበራቸው። በዋትስአፕ ለደንበኞች የሚላከውን ሁሉ በጋሽ አንደበት የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የዋትስአፕ ቁጥራቸው ኮምፒውተሬ ላይ ክፍት ነው። «የት ጠፋህ? ቁርጥህን ለድመቷ ልስጣት?» ብዬ ስጽፍ ሰው እየሳቀ ይመጣል። እሳቸውም አንብበው፣ «አንቺ ልጅ፣ እኔ መሆኑን ከእኔ በላይ ቻልሽበት። ሚስቴ ስትቆጣም አንቺው መልሺላት!» ይሉኝ ነበር።

ጋሽ ሁዳዴ መሃል ላይ ሞቱ። ከቀብሩ በኋላ እትዬ ኣስመረት ጠሩኝ።

«መልእክቱን እንዳታቋርጪ።»

«እትዬ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚመጣው እሱ ሲጠራው ነው። እስከ ፋሲካ ብቻ፣ ልጄ።»

የፋሲካ ለት ጠዋት «ፆሙ ተፈታ፤ በር ላይ ቆሜ እየጠበቅሁ ነው» ብዬ በስማቸው ላክሁ። ቤቱ ሞላ። ኢምባካሲ ሰፈር የካርጎ መጋዘን ውስጥ የሚሠራው፣ ሚዛን የሚባል ደንበኛ የጋሽን መሞት አልሰማም ነበር።

«ሽማግሌው የታሉ? በር ላይ ነኝ ብለው ጠርተውኝ ይደበቃሉ እንዴ?»

«ጓዳ ነው፣ ይመጣል» አሉት እትዬ ኣስመረት፣ ፊታቸው ሳይለወጥ። ለገበያው ብለው መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ የሥራ ታሪኬን እየጻፍኩ ሳለ ኮምፒውተሬ ላይ ወደ ጋሽ ቁጥር መልእክት ገባ። የላኩት እትዬ ኣስመረት ናቸው።

«ዘርኣ፣ ትናንት ቤቱ ሞልቶ ዋለ። አንተ ግን ሳትቀመጥ ሄድክ። ዛሬስ?»

ጋሽ ምን ብለው እንደሚመልሱላቸው አውቃለሁ። ቀልዱ፣ ቁልምጫው፣ የት ላይ እንደሚያበቃ ሳይቀር ጣቴ ላይ ነው። ብጽፍላቸው እትዬ ደስ ይላቸዋል። ያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ደስ ብሏቸው ነገም ይጽፋሉ። ትምህርት ቤት የደንበኛን ድምፅ እንዴት እንደምይዝ አስተምረውኛል፤ እንዴት እንደሚለቀቅ ግን ማንም አልነገረኝም።

የጀመርኩትን መልስ አጠፋሁና በራሴ ስልክ ጻፍኩ።

«እትዬ፣ ሕድሪ ነኝ። ለጋሽ የጻፉት የደረሰው እኔ ጋ ነው። እሳቸው የሉም። አሁን ልምጣ?»

ወዲያው ተነበበ። ኮምፒውተሬ ላይ በተከፈተው የጋሽ ቁጥር ግን እትዬ ለእሳቸው እየጻፉ መሆናቸውን የሚያሳየው ምልክት ብቅ አለ፣ ጠፋ፣ እንደገና ብቅ አለ። ለእኔ ግን እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም።