የአርቡ ምርቃት

ሸምሲያ ጠንቃቃ ሴት ናት፤ ወላይታ ሶዶ ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ ይመሰክራል። የከተማው ሙስሊሞች ያቋቋሙት የበጎ አድራጎት ማኅበር የልብስ ስፌት ትምህርት ቤት ሲከፍት ኃላፊ ያደረጋትም ለዚሁ ነው። ማኅበሩ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ የሬዲዮ ሰዓት አለው፣ በስልክም ቪዲዮ ይለቃል። ለእሷ ግን ዳዕዋ፣ ሰውን ወደ እስልምና መጥራት ማለት፣ ሰው ሳይፈራ የሚገባበት በር ነው።

ኦርቶዶክሷ እትዬ ጣፈጠች ግን ፈሩ። ልጃቸው የማርያምወርቅ ስፌት እንድትማር የፈቀዱት፣ እዚያ ግቢ ውሃ እንኳ እንዳትቀምስ አስምለው ነው። ራሳቸውም በር ድረስ ያደርሷትና ይመለሳሉ። ይህ ነገር ሸምሲያን ከልቧ ያሳዝናታል። በምርቃቱ ቀን እትዬ ጣፈጠች አንዴ ገብተው ቢቀመጡላት ሌላ አትፈልግም ነበር።

ስለዚህ ሁለት ወይፈን ከቤሌ ገበያ አስመጣች፤ አንዱ በሙስሊም፣ አንዱ በክርስቲያን ቢላዋ የሚታረድ። ድስቱ ለየብቻ፣ ጭልፋው ለየብቻ፣ ዳሱም ሁለት። በክርስቲያኑ በኩል እንዲያርዱ የስፌት ጠረጴዛዎቹን የሠሩትን ጉራጌውን አናጢ ጋሽ ወልደሰንበትን ለመነች። ቀኑን ደግሞ የአዲስ አበባ እንግዶች ጁምዓ ሰግደው እንዲደርሱ አርብ አደረገችው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ለእርዱ ሲጠሩ ጋሽ ወልደሰንበት ቢላዋቸውን ስለው መጡ። ምርቃት ሲባል እሁድ መስሏቸው ኖሯል፤ ድግሱ ነገ አርብ መሆኑን የሰሙት ገና ግቢው ሲደርሱ ነው።

"ልጄ፣ ቢላዋው የእኛ ነው፤ ቀኑ ግን ጾም ነው" አሏት።

ሸምሲያ ክው አለች። ድስትና ጭልፋ ስትለይ ቀን መለየት ረስታ! አርብን እኮ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቿ ሁሉ ይጾሙታል። እትዬ ጣፈጠች "ሊያስገድፉን ነው" ብለው ልጅቷን ከነጭራሹ የሚያስቀሩባት መሰላት።

ቀኑን እንዳትለውጥ እንግዶቹ መንገድ ጀምረዋል። ተማሪዎቿን ሰብስባ ጥፋቷን ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ ነገ በዚህ ግቢ ለማንም ሥጋ የለም አለች። የማኅበሩ ቪዲዮ አንሺ፣ ሥጋ የሌለበት ድግስ ምኑ ይቀረጻል ብሎ በስልክ አኮረፈ። እሷ ግን ወይ ፍንክች። ወይፈኖቹም ከመሞት መሰንበት ነውና ሣራቸውን ማመንዠክ ቀጠሉ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ግቢው ሞላ። ምስር፣ ሽሮ፣ በዘይት የተሠራ ጎመን ቀረበ፤ ዳሱም አንድ ሆነ። ሸምሲያ ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም። እትዬ ጣፈጠች እንደ ልማዳቸው ልጃቸውን አድርሰው ቆመዋል። ዛሬ ግን አልተመለሱም፤ በእጃቸው ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው በሰፌድ ይዘዋል። ሸምሲያ ሮጣ ሄደች።

"ለእኔ ጾም ብለሽ ድግስሽን አስቀርተሽ፣ እኔ በር ላይ ልቁም?" አሏት።

ገብተው ከጎኗ ተቀመጡ። ቦዬውን ቆርሰው፣ በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ አጥቅሰው አጎረሷት። ከዚያ የእሷን ሳህን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና ከምስሩ ጎረሱ።

የሸምሲያ ዓይን እንባ ሞላ። ምን ሆንሽ ላሏት ሁሉ፣ ዳጣው ነው አለች።