ከግራ ሦስተኛዋ

በንጉሡ ጊዜ ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ ለባላገር ማመልከቻ እጽፍ ነበር። «ወልደተንሣኤ የጻፈውን ያነበበ ዳኛ መሐረብ ያወጣል» ይሉኝ ነበር። ሰምቼ እንዳልሰማ አልፋለሁ እንጂ ያን ዕለት ምሳ ባልበላም ግድ አልነበረኝም። አብዮቱ ሲመጣ ቀበሌው ጸሐፊ አደረገኝ፤ ማኅተም ያዝሁ፣ እውነተኛ ጠረጴዛም አገኘሁ። ጉራዬ ግን ያው የድንጋዩ ላይ ጉራ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ነገሩን ያበላሸው ሌላ ማንም ሳይሆን ይኸው ጉራዬ ስለሆነ ነው።

በ1978 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቀበሌያችን በመሠረተ ትምህርት ውድድር አንደኛ ወጥቶ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ተሸለመ። ከዚያ በፊትም በአዳራሹ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበረን፤ ነበረን ከተባለ። ስዕሉ ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል፤ ሰውየው ይናገር ያዛጋ አይለይም። ከጣርማ በር በኩል ንፋስ በመጣ ቁጥር አንዱ ጎረምሳ ጣራ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ይይዛል፣ እኛም ከታች ሆነን «ግራ! ቀኝ! ተወው!» ስንል ፕሮግራሙ ያልቃል። አዲሱ ከነአዲስ አንቴናው ተተክሎ ሲከፈት ግን አዳራሹ ጸጥ አለ። ሣሩ ሣር፣ ሰማዩ ሰማይ፣ የሰው ፊት የሰው ፊት ሆኖ መጣ። ሊቀመንበራችን ጓድ ገብረጻድቅ እሱ የፈጠረው ይመስል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከጎኑ ቆመ።

ከሁላችን ይልቅ በዚያ ቴሌቪዥን የተጠቀመችው በሰለች ናት። በሰለች በእደ ጥበብ ማኅበሩ ውስጥ ሱፍ የምትፈትል፣ ባሏ የሞተባት፣ ለማንም የማትከብድ ሴት ነበረች። ያለቻት አንዲት ልጅ፣ ንጋቷ፣ ጭፈራ ትችል ስለነበር አዲስ አበባ ላለ አንድ የኪነት ቡድን ተመልምላ ሄዳባታለች። ቡድኑ ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ በቴሌቪዥን ይቀርባል፤ አሥራ ሁለት ልጃገረዶች፣ አንድ ዓይነት ቀሚስ፣ አንድ ዓይነት ሹሩባ። በአሮጌው ቴሌቪዥን ጊዜ እናት ልጇን ከአሥራ ሁለቱ መለየት አቅቷት አንገቷን ደፍታ ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር። አዲሱ በተከፈተ በመጀመሪያው ቅዳሜ ግን ብድግ ብላ «ያቻትና!» አለች። ቅንድቧ ላይ ያለውን ጠባሳ ሳይቀር አይታዋለች። እሷ ስታለቅስ ያላለቀሰ ሰው በአዳራሹ አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ለማልቀስ ምክንያት አልፈልግም።

ይህንኑ ለልጅቱ ጻፍሁላት። የንጋቷን መልስ ለእናቷ ያነበብሁትም እኔው ነኝ፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። «እማዬ፣ ልምምድ ስለሚበዛብን ለደብዳቤ ጊዜ የለኝም። ቅዳሜ ካየሽኝ ደህና ነኝ ማለት ነው። ያላየሽኝ ዕለት ነይ።» በሰለች ሁለት ጊዜ አስነበበችኝና ወረቀቱን አጣጥፋ ጉያዋ ከተተችው። ከዚያ በኋላ በእናትና በልጅ መካከል ደብዳቤ ቀረ፤ ቅዳሜ በቂ ነበረች።

በቂ እንደነበረችም በታኅሣሥ አየሁ። አንድ ሰኞ ማለዳ በሰለች ቢሮዬን ሳልከፍት በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ቅዳሜ ዕለት የልጄ ጉንጭ ገብቷል፣ አንድ ነገር ሆናለች፣ የይለፍ ወረቀት ይጻፉልኝ አለች። እኔ ያየሁት ቆንጆ ስትጨፍር ብቻ ነበር፤ ቢሆንም ጻፍሁላት። በሶዋን ቋጥራ በአውቶቡስ ሄደች። እውነትም ልጅቱ ሳምንት ሙሉ ሆዷን ታምማ፣ ለማንም ሳትናገር እየጨፈረች ነበር። እናት አምስት ቀን አስታማ ተመለሰች።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በጥር ወር ሽልማቱን የሰጠው የበላይ አካል ዕቃው መድረሱንና በደህና መሥራቱን በጽሑፍ አረጋግጡ አለን። ሁለት መስመር ይበቃ ነበር። እኔ ሦስት ገጽ ጻፍሁ። አብዮቱን አመሰገንሁ፣ ፋብሪካውን አመሰገንሁ፣ መብራቱን ሳይቀር አመሰገንሁ። በመጨረሻም «ስዕሉ ከመጥራቱ የተነሣ የጓዶችን የሸሚዝ ቁልፍ አንድ በአንድ እንቆጥራለን» ብዬ ደመደምሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳገኝ ከወንበሬ ተነሥቼ በቢሮው ውስጥ ተንጎራደድሁ። ጓድ ገብረጻድቅ አነበበና ፊቱን አኮሳተረ። ወጣት ቢሆንም ከእኔ ይልቅ የዘመኑን ነገር ያውቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህን ቆርጠው ያውጡት» አለኝ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ተቀየምሁ። ጽሑፌን ቁረጥ ያለኝ ዳኛ እንኳ የለም ብዬ ተነጫነጭሁ፤ ሰለቸውና ፈረመ። ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ፤ ጥርት አድርጌ ነው የመታሁት።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ አንድ ላንድሮቨር አዳራሹ በር ላይ ቆመ። ሁለት ሰዎች ወርደው ወረቀት ሰጡን። ቴሌቪዥኑ «የሸሚዝ ቁልፍ እስከ ማስቆጠር የሚደርስ ጥራት ያለው መሆኑ በራሱ በሰፊው ሕዝብ ስለተመሰከረ» ለከፍተኛ እንግዶች ማረፊያ እንዲዛወር መወሰኑን ይገልጻል። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ቃሌን ከነነፍሷ ወስደው ጽፈዋታል። ያስወሰድሁት እኔው መሆኔ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሰዎቹ አዲሱን አንቴና ጨምረው ነቅለው ጫኑ፤ ጓድ ገብረጻድቅ ወደ እኔ አንድ ጊዜ ተመለከተና ወደ ቢሮው ገባ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለሕዝቡ ለጥገና ሄደ ተባለ። ሕዝብ ሞኝ አይደለም፤ በሁለተኛው ሳምንት ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ጮኸ፣ ሽልማታችን ነው፣ ላባችን ነው አለ። በመጨረሻም ተስማምተው እንዲመለስልን ማመልከቻ ይጻፍ፣ የሚጽፈውም ወልደተንሣኤ ይሁን፣ ከእሱ የተሻለ ብዕር የለም አሉ። አጨበጨቡልኝ። ቤቴ ገብቼ ወረቀት ፊቴ አስቀመጥሁ። ብዙ ከጻፍሁ ያቺ የምስጋና ደብዳቤ ትነሣለች፣ ትነበባለች፣ ሰው ሁሉ ያውቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ለምስጋና ሦስት ገጽ የጻፍሁ ሰው ለአቤቱታ ስድስት መስመር ጻፍሁ፤ ያለ ነፍስ፣ ያለ ጨው። መልስ አልመጣም። እንዲመጣ አድርጌም አልጻፍሁትም።

አሮጌው ቴሌቪዥን ከዕቃ ቤት ወጥቶ ተመለሰ። ሰዉ ቀስ በቀስ ተበተነ፤ ገሚሱ ጠጅ ቤት፣ ገሚሱ ቤቱ። በሰለች ግን አልቀረችም። ቅዳሜ ሲሆን የፊተኛው አግዳሚ ላይ ትቀመጥና ዓይኗን አጥብባ፣ ወደ ፊት አዘንብላ ታያለች። አሥራ ሁለት ጥላዎች በጉንዳን መካከል ሲንቀሳቀሱ ማን ምኑን ይለያል። አንድ ቅዳሜ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ዓይን ደህና ነው። ልጄ የትኛዋ ናት?»

ዓይኔ መነጽር የሚፈልግ ከሆነ አራት ዓመት አልፎታል። ልጅቱ ትኑር አትኑር አላየሁም። ነገር ግን የእናትየዋን ፊት አየሁ፤ ያን ፊት እዚያ ያደረስሁት እኔ ነኝ። አላየሁም ማለት «አጠፋሁብሽ» ማለት ሆኖ ተሰማኝ።

«ከግራ ሦስተኛዋ» አልኋት።

ትከሻዋ ወረደ፣ ፈገግ አለች፤ ወደ መስተዋቱም እጇን ዘርግታ ሦስተኛዋን መረቀቻት። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ ብላኝ ሄደች። ደግ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። በተከታዩ ቅዳሜ ጠየቀችኝ፣ ያንኑ አልኋት። ከዚያ በኋላ እኔም ሳልጠየቅ እጠቁም ጀመር። አንዳንዴ ስዕሉ እንዲያው ነጭ ሆኖ ሲቀር እንኳ «አሁን ዞረች፣ አሁን እስክስታ ላይ ናት» እላለሁ። ማመልከቻ ለማሳመር እግዜር የሰጠኝን ምላስ በባዶ መስተዋት ላይ አስጨፈርሁት። መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ፣ አሥር ቅዳሜ ሆነ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለፋሲካ ሄጄ ልያት ይሆን ብላ አማከረችኝ። ደህና መሆኗን በየሳምንቱ እያየሽ ለምን ትደክሚያለሽ፣ መንገዱም ጥሩ አይደለም አልኋት። እውነቱ፣ ሄዳ ስለ ቴሌቪዥኑ ከአዲስ አበባ ሰው ጋር ብታወራ የደብዳቤዬ ነገር እንዳይወጣ ፈርቼ ነው። ያን ጊዜ የይለፍ ወረቀት ብጽፍላት ኖሮ ብዬ የማላስብበት ቀን የለም።

ግንቦት መግቢያ ላይ ንጋቷ መጣች። ሁለቱም ቢሮዬ ድረስ መጡ፤ መታወቂያዋ እንዲታደስ ነው የመጡት። ልጅቱን በመጀመሪያ አላወቅኋትም። ምርኩዝ ይዛለች፣ ቀኝ እግሯን ትጎትታለች፣ ቀጭን ሆናለች። እናቷ አጠገቧ ሳይሆን ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች፤ የተኳረፉ መሆናቸው ከበሩ ያስታውቃል።

ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ሆስፒታል ነበረች። በልምምድ ላይ ከመድረክ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ባልደረቦቿ መጀመሪያ ሰሞን እየመጡ ጠየቋት፤ በኋላ ሥራ ያዛቸውና ቀሩ። ደብዳቤ እንጻፍልሽ ቢሏት እንቢ ብላለች፤ እናቴ ቅዳሜ ሳታየኝ ስትቀር እሑድ ትመጣለች ብላ። እሑድ አለፈ። በሚቀጥለውም ሳምንት በሩን ስታይ ዋለች። ከአንድ ወር በኋላ ግን እያወቀች ነው የቀረችው ብላ ልቧ ሻከረ፤ ከዚያ ወዲያ ብትሞትም እንደማትጽፍ ማለች። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እናቷን ሳታይ ነው፤ ድምጿም አልተለወጠም።

በሰለች ሰምታ ስትጨርስ ወደ ጠረጴዛዬ ቀረበች። የተከፋች አትመስልም ነበር፤ ምስክር ያላት ሰው ትመስል ነበር።

«ጋሼ፣ እስቲ ይንገሯት» አለች። «ቀኑ ተምታቶባት ነው። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ አብረን አላየናትም ወይ? እርስዎ አይደሉ ያሳዩኝ?»

ንጋቷ ፊቷን አዞረችና አየችኝ። ጠባሳው ቅንድቧ ላይ አለ፤ በዚህ ቅርበት ለእኔም ታየኝ። ያን ጊዜ ሌላ ውሸት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ የድሮ ፊልም ደግመው አሳይተው ይሆናል የሚል፣ ያማረ ውሸት። ሁለቱንም ያስታርቅ ነበር። እንዲያውም ሊታመን ይችል ነበር። ግን እናትየዋ በእርግጠኝነት ቆማ ስትጠብቀኝ ውሸቱን ዋጥሁት።

«አላየኋትም፣ በሰለች» አልሁ። «አንድም ቅዳሜ አላየኋትም። ምንም አይታይም ነበር። ቴሌቪዥኑንም ያስወሰድሁት እኔ ነኝ፤ በጻፍሁት ደብዳቤ ነው የወሰዱት።»

የደብዳቤውን ነገር የሰማችው አልመሰለኝም። ልጇ ምርኩዟን ወደ ሌላው እጅ አዛውራ ክንዷን ያዘቻት፤ በዚያ ቀን ሲነካኩ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። መታወቂያውን እሞላ ዘንድ ብዕር አነሣሁ። «ተዉት ጋሼ፣ ሌላ ቀን እንመጣለን» አለች ንጋቷ።

በሩ ላይ ሲደርሱ በሰለች ቆመች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። በእውነት ማወቅ የፈለገች ሰው ሆና ነው የጠየቀችኝ።

«ታዲያ አሥር ቅዳሜ ሙሉ የመረቅኋት የማን ልጅ ናት?»