የቶራፒ ቅኝት

ዴልማ ከምትሠራበት ከሌይ ከተማ ለአንድ ሳምንት ፈቃድ ወደ መንደሯ መጥታ ሻንጣዋን ስትከፍት፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም ቶማላና ምራቅ የሚያቀላውን የቡአይ ፍሬ ማኘኩን ትቶ አፈጠጠ። ልብስ የሚባል ነገር የለም። አንድ የሚያብረቀርቅ ጊታር፣ የበቆሎ ራስ የሚያህል ማይክሮፎን፣ ከዚያ የሽቦ መዓት።

"ስንት ነው ይሄ ሁሉ?" አላት።

"አንድ ላይ ዘጠኝ ሺህ ኪና።"

"ዘጠኝ ሺህ!" ቀዩን ምራቁን የአካባቢው እሳተ ገሞራ ደጁ ላይ ወደተፋው አመድ እንትፍ አለ። "ታዲያ ራሱ ይዘፍናል ወይስ እኛም እንድከም?"

"ቀልዱን ተወውና ስማኝ፣ ታናሹ አባዬ። የአባቴን ቅኝት አብረን እንድንፈልግ ነው የመጣሁት። በዚህ ካልተገኘ በምንም አይገኝም።"

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

ቶራፒ የዴልማ አባት፣ የቶማላና ታላቅ ወንድም ነበር። በራባውል ዳርቻ እያንዳንዱ የጊታር ባንድ የራሱ ቅኝት ነበረው፤ ቅኝት ደግሞ ከወርቅ በላይ ይጠበቅ ነበር። ተጫውተው ሲያበቁ፣ ጭብጨባው ሳይበርድ፣ ክሮቹን ማላላት ነው። ያለዚያ የማዶ ደሴት ልጆች ጊታሩን አንስተው ምስጢሩን ይዘው እብስ ይላሉ። ቶራፒ የሞተ ዕለት ጊታሩ እንደተቃኘ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ቶማላና ከለቀስተኛው መሀል የማዶ ሰዎችን ሲያይ ሰተት ብሎ ገባና ስድስቱንም ክር አላላቸው። የወንድሙን አደራ የጠበቀ መስሎት ነው። ቅኝቱን የሚያውቀው ቶራፒ ብቻ መሆኑ ትዝ ያለው ከቀብር መልስ ነበር። እሱ እንደሆነ ከሻይ ሳጥን የተሠራ፣ ባለ አንድ ክር ባስ መቺ ነው። ለዴልማ "አባትሽ ይዞት ሄደ" ብሏት አሥራ አንድ ዓመት ኖረ።

አሁን ግን ያ ሁሉ ገንዘብ ፊቱ ተዘርግቶ ዝም ማለት አቃተው።

"አባትሽ ይዞት አልሄደም" አላት። "እኔ ነኝ ያላላሁት።"

ሽቦ የሚፈቱት ጣቶቿ ቆሙ። "አውቃለሁ። በሩ ጋ ቆሜ አይቼሃለሁ።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምነው ዝም አልሽኝ?"

"ራስህ እስክትነግረኝ ነዋ።"

ከጠዋት ጀምረው ሞከሩ። እሷ አዲሱን ጊታር እየቃኘች ትመታለች፣ ማይክሮፎኑ ይቀዳል፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። "አይደለም። ቀረብ ብለሽ ነበር፤ አይደለም።" የጊታሩ ድምፅ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነበር፤ የቶራፒ ግን አልነበረም። ቶማላናን ወንድሙ ናፈቀው። ከሞተበት ቀን ይልቅ ዛሬ ባሰበት፤ ደጁ ድረስ ቀርቦ አለመግባት ከመራቅ ይብሳልና።

ከሰዓት በኋላ ዴልማ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የተቀዳውን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

"ማነው የሚያጉረመርመው?"

"እኔ እንደሁ አፌን አልከፈትኩም።"

"እንካ ስማ።"

ማዳመጫውን አደረገችለት። ከጊታሩ ሥር፣ በጣም ዝቅ ብሎ፣ የራሱ ድምፅ ነበር። አፉ እንደተገጠመ ስድስት ድምፆችን ተራ በተራ ያንጎራጉራል። እሷ በሳተች ቁጥር ሳያውቀው ሲያርማት ነው የዋለው። ቶራፒ ሲቃኝ ሌላ ሰው እንዳይሰማው አፉን ገጥሞ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ ቶማላናም ጉልበቱን ከጉልበቱ አስነክቶ አጠገቡ ይቀመጥ ነበር። ጆሮው ረስቶታል፤ ጉሮሮው ግን አልረሳም።

"ጊታሩ ገንዘብሽን በልቶብሻል" አላት፣ ማዳመጫውን እያወለቀ። "ማይክሮፎኑ ግን ዘጠኙም ሺህ ይገባዋል።"

ተነሥቶ የቶራፒን ጊታር ከግድግዳው አወረደው። ሆዱ ተሰንጥቆ በዓሣ ጣሳ ቆርቆሮ የተጠገነ፣ ሲገዛም ርካሽ የነበረ ጊታር ነው። ዴልማ የዛጉትን ክሮች አውጥታ አዲስ አስገባችለትና የእሱን ጉርምርምታ እየሰማች አንድ ባንድ ቃኘችው። ከዚያ መታችው። ትንሽ የሚንሿሿው፣ ትንሽ የሚያለቅሰው ያ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ቶማላና እንባውን አልጠረገም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጊታሩን ተቀበላት። ጣቶቹ ሳያዛቸው ወደ መቃኛው ሄዱ። አንዱን ክር አላላው፤ ሁለተኛውን ሲይዝ ዴልማ እጁን ያዘችው።

"ተው እንጂ፣ ታናሹ አባዬ። አሁን ማን ይሰርቀናል ብለህ ነው?"

ቶማላና በመስኮቱ ወደ ማዶ አየ። የማዶው ባንድ ከፈረሰ ቆይቷል። ግማሹ ሞቷል፤ ግማሹ እንደ እሷ ከተማ ገብቷል።

"ምነው የሚሰርቀን በተገኘ" አለ።

የላላውን ክር መልሳ ቃኘችው። እሱ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተና፣ ፊቷን ወደ ውሃው አዙራ እንደገና እንድትመታው ለመናት፤ ቀስ ብላ፣ ለሚሰርቅ ሰው እንዲመች።