ካርታው ያመጣቸው

ሰውዬው ሻንጣውን እየጎተተ በሩ ላይ ሲደርስ ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ተነሥተው አለቀሱ።

ሻንጣ ይዞ ለቅሶ ቤት የሚመጣ ሰው ማን ነው? መርዶ ሰምቶ፣ ከመኪና ወርዶ፣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ በቀጥታ የመጣ የሩቅ ዘመድ ነው እንጂ ሌላ ማን ይሆናል። የሟች እኅት ደጃፍ ድረስ ወጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሳታገኘው ቀረህ፣ ዓይንህን ሳያየው ሄደ እያለች አለቀሰችበት። ሰውዬው ግራ ገብቶት ቆመ። በኋላ ሁሉ ሲያለቅስ ደርቆ መቆሙ ነውር ሳይሆንበት አልቀረም፣ እሱም ዓይኑን ጠረግ አደረገ። ይህን ጊዜማ ለቅሶው ባሰ። አንዷ ጎረቤት ሻንጣውን ተቀብላ ጓዳ አስገባችው፤ እሱን ወንበር ስበው አስቀመጡት፤ ሻይ ሰጡት።

ልጅቱ ከሶፋው ጥግ ሆና ታየዋለች። የሟች አንድ ልጁ ናት። በአባቷም በእናቷም ወገን እንዲህ ያለ ፊት አታውቅም፤ ግን በእነዚህ ሁለት ቀናት የማታውቀውን ስንቱን ዘመድ ስማለች። ሰውዬው ሻዩን ሁለት ጊዜ ፉት አለና ቀስ ብሎ ወደሷ ጎንበስ አለ።

«ይቅርታ እኅቴ» አለ በሹክሹክታ። «የሻንጣ ዚፕ የሚሠሩት ሽማግሌ እዚህ አይደሉም እንዴ? ማፑ እዚህ ነው ያመጣኝ።»

«የሞቱት እሳቸው ናቸው» አለችው።

ሰውዬው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ነፍስ ይማር አለ። ተነሥቶ መሄድ አፍሮ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። በመጨረሻ ሌሎች ሲነሡ ከነሱ ጋር ተነሥቶ ወጣ። ሻንጣውን ለመጠየቅ አንደበቱ እምቢ ብሎት ነው መሰል፣ ጓዳ ትቶት ሄደ።

እሱ ሲወጣ ልጅቱ ስልኳን አወጣች። ለአባቷ በገዛ እጇ የሠራችለትን ፔጅ ከፈተች፣ ካርታውን ነካች። ቀይዋ ምልክት የተተከለችው ገበያው ማዶ ያለው ሱቅ ላይ አልነበረም። የተተከለችው አሁን እሷ የተቀመጠችበት ቤት ላይ ነው።

ፊቷ ጋለ። የአናጢ ቤት ያፈሳል ይባላል። እሷ እኮ መተዳደሪያዋ ይኸው ነው፤ በምትኖርበት ሩቅ ከተማ ለሆቴሉም ለጥርስ ሐኪሙም ለአበባ ሻጩም ፔጅ ትሠራለች፣ ሰው እንዲያገኛቸው ታደርጋለች። የገዛ አባቷን ሱቅ ግን በሌለበት ቦታ አስቀምጣው ዓመት ሞላት። ዓመት ሙሉ ስንቱ ደንበኛ ጠፍቶ ተመልሷል? አባቷስ ስንት ቀን ባዶ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ውሏል?

የዛሬ ዓመት እናቷ በሞተች በስምንተኛው ወር የሦስት ቀን ፈቃድ ወስዳ መጥታ ነበር። ሰፈሩ «ጋሽ ዚፕ» የሚለው አባቷ ከአንድ ሕንጻ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ሻንጣና ቦርሳ ሲጠግን ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ያኔ ሥራው ቀዝቅዞ፣ እሱም ከስቶ አገኘችው። ሰው ሻንጣው ሲበላሽ ጥሎ ይገዛል፤ የሚያስጠግነውም ቢሆን ስልኩን እንጂ ጎረቤቱን አይጠይቅም።

«ፔጅ ልክፈትልህ» አለችው።

«ለምን?»

«ሰው እንዲያገኝህ ነዋ።»

«እኔ መቼ ጠፋሁና ነው የምገኘው?»

ተከራከራት፣ ተከራከራት፣ መጨረሻ ላይ እንደ ልማዱ ተሸነፈላት። ፎቶ ሊነሣ ነው ሲባል ኮቱን ለበሰ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኛ። እሷ ግን የፈለገችው እጆቹን ነበር፤ ፒንሳ የያዙትን፣ አውራ ጣታቸው የደነደነውን። ፊቴ ምን ሆነብሽ ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ አሾፈባት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መኪና እንዳያመልጣት እየተጣደፈች፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ እዚህ ሶፋ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ የቀረውን ጨረሰች። ስልኩ አድራሻውን አሁን ካሉበት ልውሰድ ወይ አላት። ከዚያ «ቦታው ትክክል ነው?» ሲል ጠየቃት። ሳታነብ «አዎ» የሚለውን ነካችና አባቷን ስማ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ስትደውል የመጀመሪያ ጥያቄዋ እሱ ነበር። ሰው ይመጣል? ይመጣል እንጂ ይላታል፣ ጎርፍ ነው እንጂ ሰው ነው እንዴ ይላታል፤ ትናንት አንዲት አስተማሪ መጣች፣ ባለፈው አንድ ወታደር መጣ፣ እንዲህ አለኝ፣ እንዲህ አልኩት። እሷም ደስ ይላታል። ሰው ከሞላለት ደህና ነው አለች። ሰው ከሞላለት ወዲህ ደግሞ ስልኩም ማጠር ጀመረ። በቃ አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ ሌላ ጊዜ እንጫወታለን። አንዳንድ እሑድም ሳትደውል አለፈ።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች መጡ። አንዷ ጎማው የወለቀ ሻንጣ ይዛ የመጣች ወጣት ናት፤ እሷንም አቅፈው አለቀሱላት። ሁለተኛው የትምህርት ቤት ቦርሳ የያዘ ሰው ነበር፤ የአሁኑን እንኳ ነቅተው ደጅ ላይ መለሱት። ወሬው ከወንበር ወደ ወንበር ተዛምቶ ለቀስተኛው አፉን በነጠላው እየሸፈነ ሲስቅ አክስቷ ተናደደች። ቆፍጣና ሴት ናት፤ ሐዘኗን የምትወጣው ሰው በማዘዝ ነው። ልጅቱን ጓዳ ጠርታ ወንድሜ መሳቂያ ሆነ፣ ይህን ነገርሽን ዝጊው አለቻት። ከመሄዷ በፊት እንድትዘጋው ቃል አስገባቻት።

እዚያው ጓዳ በር ጎን፣ ከዋናው በር ሦስት እርምጃ ላይ፣ አንዲት አጭር ጠረጴዛ አለች። ወንበር ለማብዛት ወደ ጥግ ገፍተዋታል፤ ልጅቱ ስትመጣም አይታት ነበር። ላይዋ ላይ የዚፕ ራሶች የሞሉበት ቆርቆሮ፣ ፒንሳ፣ ቁራጭ ሻማ አለ። ከነሱ አጠገብ ሁለት ኩባያዎች አሉ፤ አንዱ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ፣ ሌላው ታጥቦ የተደፋ። አባቷ ሥራ ወደ ቤት አምጥቶ አያውቅም ነበር፤ እናቷ ማጣበቂያው ይሸተኛል ትል ስለነበር። ልጅቱ የተደፋውን ኩባያ አየችውና የማን ነው ብላ አክስቷን ጠየቀቻት። አክስቷ እኔ ምን አውቄ አለች።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ፀጉር አስተካካዩ መጣ። ሱቁ ከአባቷ ሱቅ ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ ሠላሳ ዓመት በአንድ ሬዲዮ የሰሙ ሰዎች ናቸው። ሰው አልፎ አልፎ ነበር የቀረው። አጠገቧ ተቀመጠ። እሷ ግን ሦስት ቀን ያኘከችውን መያዝ አቃታት።

«ጋሼ፣ ሥራውን አበላሸሁበት አይደል?» አለችው። «አድራሻውን ተሳስቼ ነበር። ሰው ሁሉ እዚህ ነበር የሚመጣው።»

«አውቃለሁ።»

«እሱስ ያውቅ ነበር?»

ፀጉር አስተካካዩ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረው። ከዚያ ቀስ እያለ ነገራት። አባትሽ ያወቀው በሳምንቱ ነው አላት። አንዲት ሴት አመሻሽ ላይ ሻንጣ ይዛ ቤቱን አንኳኳች፤ አስገባት፣ ሻይ አፈላላት፣ ሻንጣውን በማግስቱ ሱቅ ወስዶ ሠርቶ መለሰላት። ከዚያ ሌላ መጣ፣ ከዚያ ሌላ። ጠዋት ጠዋት የሰው ሻንጣ እየጎተተ ገበያውን ሲያቋርጥ ሰፈሩ ጋሽ ዚፕ ዛሬም ከቤት ተባረረ ወይ እያለ ያሾፍበት ነበር። በኋላ መሣሪያውንም ከፍሎ ወደዚህ አመጣ።

«እኔማ ንገራትና ታስተካክለው አልኩት» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ደጋግሜ ነው ያልኩት። አንተ ዝም በል፣ እንዳትነግርብኝ አለኝ። እኔ ሱቅ ዘግቼ ቤቴ ስገባ እስኪነጋ የሚያንኳኳልኝ ሰው አልነበረም፤ ልጄ ሳታውቅ ሰው ላከችልኝ፤ ብታውቅ አድራሻውን ታነሣብኛለች አለኝ።»

ልጅቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማን እንዳገኘው ነግረውሻል?»

ጎረቤት ነው ብለውኛል አለች። ጎረቤት በሩን ሰበረ እንጂ አላገኘውም አላት። ያገኘችው ደንበኛ ናት። ቅዳሜ ማታ ሱቁን ዘግቶ ገባ፤ እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ እስከ ሰኞ የሚፈልገው ሰው የለም። እሑድ ከሰዓት አንዲት ሴት በካርታው መጥታ አንኳኳች። መልስ ስታጣ ፔጁ ላይ ያለውን ቁጥር ደወለች። ስልኩ ከውስጥ ሲጮኽ ሰማች። ደግማ ደወለች፣ አሁንም ጮኸ። ሴትዮዋ እንደ ሌላው ትታ አልሄደችም፤ ጎረቤት ጠራች።

«የልብ ነው አሉ፤ በእንቅልፉ ነው። ግን እሷ ባትመጣ ኖሮ...» ብሎ ተወው።

እሑድ። ልጅቱ ያን እሑድ ምን ስትሠራ እንደዋለች ታውቀዋለች። ለአንድ ዳቦ ቤት ፔጅ ፎቶ ስትመርጥ ውላ፣ ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥታ፣ አሁን ከደወልኩ ወሬው አያልቅም ብላ መልሳ አስቀምጣዋለች። ለፀጉር አስተካካዩ ይህን አልነገረችውም። እሱም የጠረጠረ ይመስል እጇን ጨብጦ ብዙ ያዛት፣ እግዜር ያጥናሽ ልጄ ብሎ ሄደ።

በሰባተኛው ቀን ቤቱ ወና ሆነ። የተዋሱት ወንበር ተመለሰ፤ አክስቷ ትእዛዟን ደርድራ ሄደች። ልጅቱ ነገ ጠዋት ትሳፈራለች። የቀረ ነገር ቢኖር ጓዳ የተረሳው የዚያ ሰውዬ ሻንጣ ነው፤ ጠዋት በፔጁ በኩል መልእክት ጽፎ፣ ደጋግሞ ይቅርታ ጠይቆ፣ አመሻሽ ላይ እወስደዋለሁ ብሏት ነበር።

ሻንጣውን ወደ አጭሯ ጠረጴዛ አመጣችው። ዚፑ አንድ ጥግ ላይ ተሰንጥቆ ይከፈታል። ልጅ ሳለች ሱቁ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ስታይ ያደገችው ነገር ነው። የላላውን የዚፕ ራስ በፒንሳ ሁለት ጎኑን ጠበቅ አደረገችው፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ አቀናች፣ ቁራጩን ሻማ እየደጋገመች አሸችበት። እጇ እንደ አባቷ ፈጣን አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ጣቷን ቆነጠጣት። ሲያልቅ አባቷ ዚፑን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ይዘጋ ነበር፤ ዚፕ የሚታየው በጆሮ ነው፣ ስሚው ይላታል። ከፈተች፣ ዘጋች። ስሚው የሚላት ሰው የለም። ፒንሳውን እንደያዘች አለቀሰች፤ በእነዚህ ሰባት ቀናት ለብቻዋ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ ተንኳኳ። ሰውዬው ነው። ዚፑን ከፍቶ ዘግቶ ዓይኑን ማመን አቃተው።

«ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ። ይግቡ፣ ሻይ ላፍላልዎ።»

ሰዓቱን አየ። ፊቱ ላይ ይሉኝታ አለ፤ ግን አንድ እግሩ ከደጅ ነው።

«መኪናው ያመልጠኛል እኅቴ። ሌላ ጊዜ» አላት።

ጨዋ ሰው ነው፣ ከልቡ ነው የተናገረው። እሷም ለአባቷ ከልቧ ነበር የምትለው። የሻንጣው ጎማ ድንጋዩ ላይ እየተንኳኳ ሲርቅ እስኪጠፋ ድረስ በሩ ላይ ቆማ አዳመጠችው።

ከዚያ ገብታ ስልኳን አወጣች። ቃል ቃል ነው። «ተዘግቷል» የሚለው ጋ ደረሰች። ከላይ የአባቷ እጆች ፒንሳ ይዘው ይታዩዋታል፤ ከሥራቸው ቀይዋ ምልክት ቤቱ ላይ እንደተተከለች ነች። ጣቷን ቃሉ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

«ነገ» አለች ጮክ ብላ። «ነገ ሳልሄድ እዘጋዋለሁ። ዛሬን ተወኝ አባዬ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የደጁን መብራት አበራች፣ የበሩን መቀርቀሪያ ስባ ከፈተች፣ ውኃ ጣደች። ከዚያ ከጠረጴዛዋ ጎን ባለው በአባቷ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ፣ የተደፋውን ኩባያ አነሣችና ቀና አድርጋ አስቀመጠችው።