ቀን ያልተጻፈበት ካርድ

ሚስ ሄስተር ትራንመር ስምንት ዓመት ሙሉ ለመዝገበ ቃላት ያለ ደመወዝ ቃል ስትለቅም ኖራለች። ቤቷ ተቀምጣ አሮጌ መጽሐፍ ታነባለች፤ ደህና ቃል ስታገኝ ከነዓረፍተ ነገሩ በቁራጭ ወረቀት ትገለብጣለች፤ መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት፣ የደራሲውን ስምና ገጹን ጨምራ ለአዘጋጆቹ በፖስታ ትልካለች። እንግሊዝ አገር እንዲህ የሚለቅሙ ባልቴቶችና ጡረተኛ ቄሶች ሞልተዋል። የሄስተር ወረቀት እንከን ስለሌለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» የሚል የታተመ ካርድ።

እህቷ የሞተች ሰሞን ሐዘን አፍዝዟት ዓመቱን ሳትጽፍ ላከች። በሳምንቱ ሁለት ገጽ ሙሉ የእጅ ጽሑፍ መጣላት። ምክትል አዘጋጁ ሚስተር ኦስገርቢ «ቀን የሌለው ወረቀት ማስረጃ አይባልም፣ እሜቴ» ብሎ ጀምሮ ልክ ልኳን ነግሯታል። አራት ጊዜ አነበበችው። ከቀብሩ ወዲህ ይህን ያህል ያናገራት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ መሳሳት ጀመረች። አንዴ ገጽ ትዘላለች፣ አንዴ የደራሲ ስም ትገድፋለች። ለስህተት እንደሷ የተጠበበ ሰው አልታየም። ደብዳቤው ይጎርፍ ጀመር።

«ዛሬም ያው ሰውዬ ነው» አላት ፖስተኛው ጄቤዝ። «ሠርጉ መቼ ነው?»

«ኧረ እየተቆጣኝ ነው።»

«እንግዲያማ ተጋብታችኋል።»

በሚያዝያ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ አንድ ስህተት ከተደገመ ስሟ ከለቃሚዎች መዝገብ ይሰረዛል።

በዚያው ሰሞን ካረጀ የስብከት መጽሐፍ ውስጥ «አኒማድቨርዥን» የሚል ቃል አገኘች። በሷ ዘመን ቃሉ ነቀፋ ማለት ነው። ሰባኪው ግን ከላቲኑ እንዳለ ወስዶ፣ ልብን ወደ አንድ ነገር ማዞር፣ ልብ ብሎ ማየት ለማለት ጽፎታል፤ እናት የታመመ ልጇን የምታየው እንዲያ ነው ይላል። ሄስተር ቀና ብላ ከመሳቢያው የታጨቁትን የቁጣ ደብዳቤዎች አየች።

እንዲህ ያለ ግኝት ተበላሽቶ አይላክም። የደብዳቤው ነገር በዚህ እንደሚያበቃ እያወቀች ዓመቱን፣ ስሙን፣ ገጹን ሁሉ አሟልታ ላከች።

የታተመው ካርድ መጣ። ከግርጌው የኦስገርቢ ፊርማ ብቻ። ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው። ካርዱ ሁለት ቀን የእህቷ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ልብ አለችው፤ ቀን አልተጻፈበትም። ረስቶ ይሁን ሆን ብሎ፣ እንጃ።

ሻይዋን ትታ ብዕሯን ነከረች። «ቀን የሌለው ወረቀት ማስረጃ አይባልም፣ ጌታዬ» ብላ ጀመረች። ሁለት ገጽ ሞላች። ሲያልቅ ከራስጌው የዕለቱን ቀን ልትጽፍ አለችና ተወችው።